የጥይት አንገት ሲላላ

ፈቃድ ያለው ሽጉጥ ቤታችሁ ካለ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ማታ የምታጎርሷት ጥይት ሁልጊዜ ያችው አንዷ ናት? ጠዋት አውጥታችሁ ካዝናው፣ ማለትም ሽጉጡ ውስጥ የሚገባው የጥይት መያዣ፣ አናት ላይ የምትመልሷት፣ ሲመሽ ደግሞ እንደገና የምታጎርሷት? እንዲያ ከሆነ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ጥይት የምትገዙት ከፋብሪካ የወጣ ሳይሆን ሰው ቤት የተሞላ፣ ማለትም በተተኮሰ ቀለሃ ላይ ባሩድና አረር እንደገና የተገጠመበት ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ለእናንተ ነው።

እኔ ፍኖተ ሰላም ቶርኖ ቤት ነው የምሠራው። ሥራዬ ሻፍት መቅረጽ፣ ቡኮላ ማውጣት፣ የወፍጮና የባጃጅ ዕቃ መጠገን ነው። ግን አገሩ ጎጃም ነው። ጎጃም ውስጥ ብረት የሚሠራ ሰው ጋ መሣሪያ ይዞ የማይመጣ የለም። አንዱ ፒን ተሰበረብኝ ይላል። ሌላው እጀታውን አስተካክልልኝ ይላል። አልፎ አልፎ ደግሞ በኪሱ ባዶ ቀለሃ ይዞ የሚመጣ አለ። ዙሪያውን ገልመጥ ገልመጥ ያደርግና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድምዓለም፣ የዚህን አፍ ማጥበቂያ ቅርጽ ታወጣልኛለህ?» ይለኛል። ጥይት ሊሞላ ነው። አላወጣም። ለምን እንደማላወጣ በየጊዜው ቆሜ ከማስረዳ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ሕጉን ልናገርና ልለፈው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያና ጥይት መያዝንም ማምረትንም ይከለክላል። ማንም ቶርኖ ቤት ቆሞ «ቀልድ ነው» ሊል አይችልም። እኔን ግን ከሕጉ እኩል የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። የጥይቱ አንገት።

ጥይት ስንል ቀለሃውን፣ ባሩዱን፣ አረሩንና ከቂጡ መሃል ያለችውን፣ መምቻው የሚያርፍባትን እሳት ጫሪ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ማንም ልብ የማይለው ቀለሃው አረሩን እንዴት እንደሚይዘው ነው። ሙጫ የለም። ብየዳ የለም። የያዘው ጥበት ብቻ ነው። የቀለሃው አፍ የውስጥ ስፋት ከአረሩ ውፍረት በትንሹ ይጠባል። ለሽጉጥ ጥይት ከ5 እስከ 8 መቶኛ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አረሩ ሲገባ ናሱ በትንሹ ይከፈትና ልመለስ እያለ አረሩን ጨምድዶ ይይዘዋል። ይህን መጨምደድ ነው «የአንገት ጥብቀት» የምለው። የሽጉጥ ቀለሃ አብዛኛው ቀጥ ያለ ስለሆነ እንደ ክላሽ ጥይት የሚታይ አንገት የለውም። አረሩን የያዘው የላይኛው ክፍል ግን ሥራው ያው ነው።

ይህ ጥብቀት ሁለት ነገር ይሠራል። አንደኛ፣ ባሩዱ ሲቀጣጠል አረሩን ለቅጽበት ያህል ይዞ ያቆየዋል፤ ባሩዱም በወጉ ይነዳል። አንገቱ ከላላ አረሩ ቶሎ ይለቅና ባሩዱ በደንብ ሳይነድ ይቀራል። ሁለተኛው ከዚህም ይብሳል። ሽጉጥ ሲያጎርስ ጥይቷ ከካዝናው ተፈናጥራ አፍንጫዋ የብረት ዳገት ላይ ይጋጫል፤ ከዚያ ነው ወደ ጎሬዋ፣ ማለትም ስትተኮስ ወደምትቀመጥበት ከአፈሙዙ ኋላ ያለ ቀዳዳ የምትገባው። በየጉርሻው አረሩ ወደ ኋላ ይገፋል። አንገቱ ጠንካራ ከሆነ ይቋቋማል። ከላላ አረሩ ወደ ቀለሃው ውስጥ ይሰምጣል።

«ትንሽ ቢሰምጥ ምን አለ?» የሚል ሰው ብዙ አጋጥሞኛል። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ። የሽጉጥ ቀለሃ ትንሽ ነው። የ9 በ19፣ ማለትም ፓራቤለም የምንለው፣ ቀለሃው 19 ሚሊ ሜትር ነው። ውስጡ የሚገባው ባሩድ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። አረሩ ሲሰምጥ ባሩዱ የሚነድበት ቦታ ይጠባል። ቦታው ሲጠብ ግፊቱ ይወጣል፤ በጥቂቱ ሳይሆን በዝላይ። ስፒር የተባለው የአሜሪካ ጥይት አምራች ሆን ብሎ ሞክሮት ነበር። የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት አረሩን 0.76 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ውስጥ ቢገፉት ግፊቱ በሚጠቀሙበት መለኪያ ከ28,000 ወደ 62,000 ወጣ። ከእጥፍ በላይ ነው። ባሩዱ አልተጨመረም። የተለወጠው ከአንድ ሚሊ ሜትር የሚያንስ ጥልቀት ብቻ ነው።

የግፊቱ መጠን እንዲገባችሁ፣ አውሮፓውያኑ ለዚህ ጥይት የፈቀዱት ጣሪያ 2,350 ባር ነው። ለአውቶሞቢል ጎማ የምንነፋው 2 ባር ገደማ ነው። ያንን ሁሉ የሚሸከመው መዳፋችሁ ውስጥ ያለው ብረት ነው። ፊታችሁም ከዚያ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው።

ይህን መጀመሪያ በዓይኔ ያሳየኝ የአክስቴ ልጅ ነው። አሜሪካ ነው የሚኖረው። እዚያ ጥይት ቤት ውስጥ መሙላት የተፈቀደ ነገር ነው፤ ዒላማ ተኩስ የሚወድ ብዙ ሰው ይሠራዋል። እሱም ከሥራ መልስ ምድር ቤት ገብቶ ይሞላል። ለጥምቀት አገር ቤት ሲመጣ አጎታችን ቤት ተሰባሰብን። አጎታችን ፈቃድ ያላት ሽጉጥ አለችው፤ ፓራቤለም የምትጎርስ። ሌሊት ትራስጌው አድርጎ ነው የሚተኛው። ጠዋት ያወጣታል፤ ማታ ያጎርሳታል። ዕድሜውን ሙሉ እንዲያ ነው።

የአክስቴ ልጅ ካዝናውን ተቀብሎ ጥይቶቹን አንድ በአንድ አወጣና ጠረጴዛው ላይ በቂጣቸው አቆማቸው። እኔ ካሊፐር፣ የሚሊ ሜትር ክፍልፋይ የሚለይ መለኪያ፣ ይዤ ነበር። አጎንብሰን በጎን አየናቸው። አንዷ ከጎረቤቶቿ አጥራ ትታያለች። ለካኋት። ሌሎቹ 29.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ናቸው። እሷ 28.5 ሆና ተገኘች። አፍንጫዋ ተፈጥፍጦ ያብለጨልጫል። የቀለሃዋ ከንፈር አረሩ ላይ የቀለበት ጭረት አውጥቶበታል።

«ጋሼ፣ ይቺን ጥይት ስንት ጊዜ አጉርሰዋታል?» አለው።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ። ከገዛኋት ጀምሮ እሷው ናት ከላይ።»

«ታዲያ መጀመሪያ የምትተኮሰው እሷው ናት ማለት ነው።»

አጎታችን ዝም አለ። ጥይቷን አንስቶ በሁለት ጣቱ ያዛትና አረሩን ሊያዞረው ሞከረ። ዞረ! ከቀለሃው ሳይወጣ እዚያው በቦታው ዞረ። ያቺ ጥይት ደግሞ የፋብሪካ ናት። ማንም አልሞላትም። በመጉረስ ብዛት ብቻ ነው አንገቷ የለቀቀው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽጉጥ ላለው ሰው ሁሉ የምለው ይህን ነው። አንዷን ጥይት ደጋግማችሁ አታጉርሱ። ከቻላችሁ ቤት ውስጥ ሽጉጡ ጎሬው ባዶ ሆኖ፣ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ጥይቱም ለብቻው። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነማ ጭራሽ ሌላ አማራጭ የለም። ሥራችሁ ሆኖ፣ ለምሳሌ ጥበቃ ሆናችሁ፣ በየቀኑ ማጉረስና ማውጣት ግድ ከሆነባችሁ ግን የወጣችውን ጥይት ከካዝናው ታች አስገቡና ሌላዋን ከላይ አድርጉ። በየጊዜውም በቂጣቸው ደርድራችሁ ተመልከቱ። ያጠረችውን ለዩ። ካሊፐር ባይኖራችሁ አንድ ሚሊ ሜትር በዓይን ይታያል። ከዚያ ያነሰው ግን በመለኪያ ካልሆነ አይለይም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የጎረሰችን ጥይት «ደህና ትመስላለች» ብላችሁ አትመኗት።

ሽጉጥ ስታራግፉ ቅደም ተከተሉን አትርሱ። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት፣ ጣት ከቃታው ውጭ። ቀድማ የምትወጣው ካዝናዋ ናት። ከዚያ ነው የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ የምትስቡት። ካዝናውን ሳያወጣ የሚያቀባብል ሰው አንዷን አውጥቶ ሌላዋን ያጎርሳል፤ ባዶ መስሎትም ቃታ ይስባል። በዚህ ምክንያት ቤቱ ሐዘን የገባ ሰው አውቃለሁ። ከዚህ በላይ አልጽፈውም።

አሁን ወደ ተሞላ ጥይት ልመለስ። ነገሩ የሚከፋው እዚህ ነው።

የአክስቴ ልጅ እንዴት እንደሚሠራ በስልክ ቪዲዮ አሳይቶኛል። እንደ ብረት ሠራተኛ ዓይኔን አልነቀልኩም። ቀለሃውን አንድ በአንድ ብርሃን ላይ እያዞረ ያያል፤ አፉ ላይ ስንጥቅ ካለ ይጥለዋል። የሚጠቀመው ባሩድ ስሙና ዓይነቱ ጣሳው ላይ የተጻፈ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ዓይነት ባሩድ በአንድ ጊዜ አያስቀምጥም። መጠኑን ባሩድ አምራቹ ካወጣው ሰንጠረዥ ያያል፤ ሚዛኑ ሚሊ ግራም ይለያል። አረር ከመግጠሙ በፊት የሁሉንም ቀለሃ ሆድ በባትሪ ያያል፤ ሁለት ጊዜ የተሞላ ወይም ባዶ የቀረ እንዳይኖር። ከገጠመ በኋላ ደግሞ ለክቶ፣ አፍንጫዋን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ በአውራ ጣቱ ይገፋትና እንደገና ይለካታል። ካጠረች የዚያን ቀን ሥራ በሙሉ ያቆማል። «ዕቃው ሁሉ ኖሮኝ እንኳ አንገቱ የሚያታልለኝ ጊዜ አለ» ነው ያለኝ።

እንዴት እንደሚያታልል ለብረት ሠራተኞች መንገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የእኛ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ብዙ ሰው «አረሩ ከላላ አፉን ከውጭ ጨምቄ አጠብቀዋለሁ» ይላል። ለዚህ ነው ቅርጽ አውጣልኝ የሚለኝም። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። የቀለሃ ናስ 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ነው። ሲጨመቅ ትንሽ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ይነጥራል። የአረሩ ሆድ ግን እርሳስ ነው። እርሳስ ሲጨመቅ እንደተጨመቀ ይቀራል። ስለዚህ ቀለሃና አረር አንድ ላይ ሲጨመቁ እርሳሱ ይቀጥናል፤ ናሱ ሲለቀቅ ይመለሳል። መሃላቸው ክፍተት ይፈጠራል። ከውጭ ሲያዩት የተጠበቀ ይመስላል። ውስጡ ግን ከበፊቱ ብሷል። በኃይል በተጨመቀ ቁጥር ይበልጥ ይላላል።

በዚያ ላይ ፓራቤለምና ማካሮቭ የሚባለው የሩሲያ ሽጉጥ ጥይት ጎሬ ውስጥ የሚቆሙት በቀለሃው ከንፈር ነው። ከንፈሩ ከመጠን በላይ ከታጠፈ ጥይቷ ወደ ውስጥ ዘልቃ ትገባለች። ያኔ ወይ ትከሽፋለች፣ ወይ ግፊቷ ይዛባል።

ናስ ደግሞ ያረጃል። ተተኩሶ በተለጠጠ፣ ተመልሶ በተጨመቀ ቁጥር ይደርቃል። የደረቀ ናስ አይጨመድድም፤ በመጨረሻም አፉ ላይ ይሰነጠቃል። «እሳት ላይ ባሞቀውስ ይለሰልሳል» የሚል ደግሞ አለ። አፉ ይለሰልስ ይሆናል። ግን የሽጉጥ ቀለሃ አጭር ነው፤ ሙቀቱ ቂጡ ድረስ ይወርዳል። ግፊቱን የሚሸከመው ቂጡ ነው። ቂጡ የለሰለሰ ቀለሃ ጎሬ ውስጥ ተቀድዶ ጋዙን ወደ ተኳሹ ይለቀዋል። ከሰል ላይ ቀለሃ ያሞቀ ሰው ካያችሁ ካጠገቡ ዞር በሉ።

ሌላው ጣጣ «9» የሚለው ቁጥር ነው። ገበያ ላይ ፓራቤለምም ማካሮቭም «ዘጠኝ» ይባላሉ። የማካሮቭ አረር ግን 9.27 ሚሊ ሜትር ነው፤ የፓራቤለም 9.01 አካባቢ። ልዩነቱ ሩብ ሚሊ ሜትር ነው። የፓራቤለም አረር ማካሮቭ ቀለሃ ውስጥ ቢገባ ይንቀዋለላል። የማካሮቭ አረር ፓራቤለም ቀለሃ ውስጥ በግድ ቢገባ ቀለሃው ያብጣል፤ ቢጎርስ እንኳ አፈሙዙ ውስጥ ሲጨናነቅ ግፊቱ ይወጣል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ከዚህም ከዚያም ለቃቅሞ የሚሞላ ሰው ይህን በምን ይለየዋል?

ባሩዱስ? ከክላሽ ጥይት የተራገፈ፣ ከድምፅ ጥይት የወጣ፣ ከየትም የመጣ ባሩድ በዓይን ሲያዩት ይመሳሰላል። አነዳዱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። ስሙ የማይታወቅ ባሩድ ግፊቱም አይታወቅም። እዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ሰዎች የተሞላ ጥይት የሚገዙት ስለሚረክስ ነው። ይገባኛል። ኑሮው ውድ ነው፤ የፋብሪካ ጥይት ዋጋ አይቀመስም። ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው የሚሆነው። እጅ በገበያ አይገዛም።

አንድ ጊዜ በጥር ወር፣ ሰርጉ በሰርግ ላይ በሆነበት ሰሞን፣ አንድ የሽጉጥ አፈሙዝ፣ አረሩ የሚያልፍበትን ቱቦ፣ አመጡልኝ። «ትንሽ አበጥ ብሏልና በቶርኖ አስተካክለው» አሉኝ። በጣቴ ዳሰስኩት። መሃሉ ላይ ዙሪያውን ቀለበት የመሰለ እብጠት አለው፤ ቀለበቱ ላይ ደግሞ ጥፍር የምታስገባ ስንጥቅ። ወደ ብርሃን አዙሬ በውስጡ ሳየው እብጠቱ ያለበት ቦታ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይታያል። የሆነውን ጠየቅኳቸው። የተሞላ ጥይት ነበር። ሙሽራው ሲገባ ሰውየው ተኮሰ። የመጀመሪያዋ «ጧ» አላለችም፤ «ፍስ» ብላ ጭስ ብቻ ወጣ። ሰዉ ከሸፈች ብሎ ጮኸ። ሰውየው አቀባብሎ ሁለተኛዋን ተኮሰ።

የመጀመሪያዋ አልከሸፈችም ነበር። አረሯ ወጥታ አፈሙዙ መሃል ቀርታለች። አንገቷ ላልቶ ባሩዱ በደንብ ሳይነድ ቀርቶም ሊሆን ይችላል፤ ባሩዱ አንሶም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛዋ ስትመጣ መንገዱ ተዘግቶ ጠበቃት። የሰውየው ሌባ ጣት እስካሁን አይታጠፍም። አጠገቡ የነበሩት ሴቶችና ልጆች ምንም ሳይሆኑ መትረፋቸው የእግዚአብሔር ቸርነት ነው። አፈሙዙን አላስተካከልኩም። ያበጠ አፈሙዝ አይስተካከልም። ቢሞረድ መልኩ ያምር ይሆናል፤ ብረቱ ግን ሞቷል።

ስለዚህ ይህን ያዙልኝ። ጥይት ተኩሳችሁ ድምፁ ካነሰ፣ እጃችሁን ካልገፋ፣ ወይም ሽጉጡ ራሱ ቀለሃውን ካልተፋ፣ ሁለተኛ አትተኩሱ። ጓደኛ ይጩህ፣ ሙሽራ ይግባ፣ ለቅሶ ይሁን፣ አትተኩሱ። ካዝናውን አውጡ፣ ጎሬውን አራግፉ፣ ከዚያ አፈሙዙ ክፍት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ፈትቶ ይይላችሁ። ጭራሽ ካልጮኸች ደግሞ ወዲያው አትክፈቱት። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንደያዛችሁ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ፤ ዘግይታ የምትነሳ ጥይት አለች። በሰርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ መተኮሱ ራሱ ቢቀር ደግሞ እንዴት በወደድኩ። ወደ ላይ የወጣ አረር የሆነ ሰው ቤት ላይ ይወርዳል። ቀረርቶውና ፉከራው ያለ ጥይትም ያምራል።

የተሞላን ጥይት ከፋብሪካው እንዴት እንለየው የሚሉኝ አሉ። እርግጠኛ የሚያደርግ አንድ ምልክት የለም። እኔ የማያቸው ግን እነዚህ ናቸው። ለጦር ሠራዊት የተሠሩ ብዙ ጥይቶች አንገታቸውና እሳት ጫሪያቸው ዙሪያ ቀለም የመሰለ ማሸጊያ አላቸው። በአንድ እሽግ ውስጥ አንዷ ብቻ ይህ ከሌላት ልብ በሉ። አረሩ ላይ የፒንሳ ጥርስ የመሰለ ጭረት፣ ቀለሃው ላይ የመጨመቂያ መስመር፣ እሳት ጫሪዋ ከቂጡ ወጣ ብላ ወይም ጠልቃ መገኘቷ፣ ቂጡ ላይ ያለው ጽሑፍ ከጥይት ጥይት መለያየቱ፣ ርዝመታቸው አንድ አለመሆኑ። አረሩ በጣት ሲሞከር ከዞረ ወይም ከተነቃነቀ ሌላ ማስረጃ አትፈልጉ። የብረት ቀለሃ ያለው የድሮ የሶቭየት ጥይት ደግሞ በባሕርይው ለመሙላት አይመችም። እንዲህ ያለው ተነካክቶ ካያችሁት ጨርሶ አትንኩት።

የፋብሪካውም ቢሆን አያያዝ ይፈልጋል። የእኛ ክረምት ረጅም ነው፤ ዳሞትና አገው ምድር አካባቢ ያለ ሰው እርጥበቱን ያውቀዋል። ናስ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ከወጣ ብረቱ እየተበላ ነው። ጠርጋችሁ ብትወለውሉትም የተበላው አይመለስም። ቆዳ ዝናር ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ ጥይት በተለይ እንዲህ ይሆናል። ጥይት በዘይት ወይም በነጭ ጋዝ የሚያሽ ሰውም አለ። ተዉት። ዘይቱ ሰርጎ እሳት ጫሪዋን ያከሽፋል። በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ ደረቅ ቦታ፣ ከምድጃና ከጭስ ርቆ ማስቀመጥ ይበቃል።

ሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይቶቹ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚቀመጡበት ሽጉጥ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። እናንተ ጋ ችግሩ ይገለበጣል። ስትተኩሱ ሽጉጡ ወደ ኋላ ሲመታ ሌሎቹ ጥይቶች ውስጥ ያለው አረር ወደ ፊት ይሳባል። አንገቱ የላላ ከሆነ አረሩ ወጥቶ ከከበሮው ፊት ይሾልክና ከበሮው እንዳይዞር አድርጎ ሽጉጡን ያቆመዋል።

የተጠራጠራችሁትን ጥይት ምን ታደርጉታላችሁ? እሳት ውስጥ አትጣሉት። በመዶሻ አትምቱት። በፒንሳ አረሩን ልንቀል አትበሉ። ቆሻሻ ላይም አትጣሉት፤ ልጆች ያገኙታል። ልጆች ጥይት ሲያገኙ የሚያደርጉትን ሁላችንም እናውቃለን፤ ወይ በድንጋይ ይመቱታል፣ ወይ እሳት ውስጥ ይከቱታል። ሽጉጥ ውስጥ ያልገባ ጥይት እሳት ላይ ሲፈነዳ አረሩ ሩቅ ባይሄድም የቀለሃው ስብርባሪ ዓይን ያጠፋል። ለብቻው፣ ምልክት አድርጋችሁበት፣ ቆልፋችሁ አስቀምጡና ፈቃድ ለሰጣችሁ አካል ወይም በአቅራቢያችሁ ላለ ፖሊስ አስረክቡ። አጎቴም ያቺን ያጠረች ጥይት ያደረጋት እንዲሁ ነው።

በመጨረሻ ለሙያ ወንድሞቼ። ደብረ ማርቆስም፣ ቡሬም፣ ዳንግላም፣ ሞጣም ቶርኖ ቤት የምትሠሩ፣ ያ ቀለሃ በኪሱ የያዘ ሰው እናንተም ጋ ይመጣል። ዘመድ ይሆናል፤ ጎረቤት ይሆናል፤ እምቢ ማለት ይከብዳል። እኔ የማደርገው አንድ ነገር ነው። ካሊፐሩን አውጥቼ የቀለሃውን አፍ በአንድ በኩል እለካለታለሁ፤ ከዚያ ሩብ ዙር አዙሬ እንደገና እለካለሁ። የተተኮሰ ቀለሃ አፉ እኩል ክብ አይደለም፤ ሁለቱ ቁጥሮች ይለያያሉ። «አየህ፣ ይህ አረሩን ከሚይዝበት ጥበት ይበልጣል። አንተ በዚህ ላይ ፊትህን ልታስደግፍ ነው» እለዋለሁ። አንዳንዱ ይናደዳል። አብዛኛው ግን ቀለሃውን ተቀብሎ ቆም ብሎ ያስባል። እናንተም እንዲሁ አሳዩት። ቅርጹን ግን አታውጡለት፤ ልኩንም በወረቀት እንኳ አትሳሉለት።